መሠረት ሲቆፈር የወጣው ክብ ድንጋይ፦ ጥቁሩን ድንጋይ ምን አበሰበሰው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ለእናትና ለአባቴ ቤት ልሠራ መሠረት እያስቆፈርኩ ነው። ትንሽ እንደወረድን ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ዙሪያው እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይረግፋል። መሃሉ ግን በዲጅኖም አይበገርም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ደግሞ በጣት የሚፈረፈር ቢጫማ ነገር ነው። ግንበኛው ‹ፀሐይ የመታው ድንጋይ ነው› ይላል። አባቴ ደግሞ ‹ይሄ መሬት ድንጋይ ያበቅላል› ይላል። ከቦታው በላይ ያለው ተዳፋት ቀይ አፈር ነው፤ ከታች ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ። ድንጋዩ አንድ ሆኖ አፈሩ ለምን ሁለት ሆነ? ደግሞስ እዚህ ላይ ቤት ይቆማል?»

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ አይተኸዋል። ብዙ ሰው ያንን ድንጋይ አስወጥቶ ይጥልና ነገሩን ይረሳዋል። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ድንጋዩን ያበሰበሰው ውሃ ነው። አፈሩን ለሁለት የከፈለውም ያው ውሃ ነው፤ ላይ አልፎ ስለሚሄድ፣ ታች ስለሚተኛ። ቤቱም ይቆማል። ግን መሠረቱ ምን ላይ እንዳረፈ ሳታረጋግጥ አርማታ እንዳታፈስ።

አሁን ረጋ ብለን እንየው።

ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ነው። የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የተሸከመው ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ቅልጥ አለት እየደራረበች አፈሰሰች። በአንዳንድ ቦታ ድርቡ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ጮቄ ከዚያ በኋላ በላዩ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። አንተ የምትቆፍረው እንግዲህ የዚህን ታሪክ ጫፍ ነው።

ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከላይኛው ገደል ላይ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የቆመ ድንጋይ አይተህ ይሆናል። እነዚያ መስመሮች የቅዝቃዜ ስንጥቆች ናቸው። ሁሉም ቦታ እንደዚያ አያምሩም እንጂ ስንጥቅ የሌለበት ባዛልት የለም። ድንጋዩ ገና ከልደቱ በስንጥቅ ተከፋፍሎ፣ ማዕዘን ማዕዘን ይዞ ነው የተቀመጠው።

ውሃ የሚገባው በእነዚያ ስንጥቆች ነው። አንድ ባለ ማዕዘን ድንጋይ በዓይነ ሕሊናህ ያዝ። ውሃው ጎኑን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያገኘዋል። ጠርዙን ከሁለት አቅጣጫ ያገኘዋል። ማዕዘኑን ደግሞ ከሦስት። ስለዚህ ማዕዘኑ ቀድሞ ያልቃል፣ ጠርዙ ይከተላል፣ ጎኑ ይዘገያል። ዘመን ሲቆጠር ባለ ማዕዘኑ ድንጋይ ክብ ሆኖ ይቀራል። ወንዝ አንከባሎ ያመጣው አይደለም፤ እዚያው በተቀመጠበት ነው የከበበው። በመካከል ያለው ቢጫማ ፍርፋሪም ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር አይደለም። እሱም ያው ድንጋይ ነበር፤ ተሸንፎ ነው እንጂ። በጥንቃቄ ብታየው የድሮዎቹ ስንጥቆች መስመር ፍርፋሪው ውስጥ እንኳ ሳይጠፋ ታገኘዋለህ።

እስቲ አንዱን ክብ ድንጋይ በትልቅ መዶሻ ሁለት ክፈለው። መሃሉ ጥቁር ነው፣ አንዳንዴ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ስታዞረው ጥቃቅን ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ማዕድኖቹ ናቸው። ወደ ዳር ስትመጣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከዚያ ድንገት ቡናማ ቅርፊት ይጀምራል። በጥቁሩና በቡናማው መካከል ያለው ድንበር በጣት የሚነካ መስመር ነው። ውሃው እስከዚያ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ማጉያ መነጽር ካገኘህ ደግሞ አረንጓዴ የነበሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች ዙሪያቸው ቀይ ቡናማ ሆኖ ታያለህ። ኦሊቪን ይባላሉ። ከሁሉም ቀድመው የሚሸነፉት እነሱ ናቸው።

ለምን እነሱ? አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ሳሙኤል ጎልዲች እ.ኤ.አ. በ1938 ይህንን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል። ጥልቅ ቦታ በከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ማዕድን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ የሆነው የምድር ገጽ ላይ ሲወጣ አይስማማውም። ስለዚህ ኦሊቪን ይቀድማል፣ ፓይሮክሲንና በካልሲየም የበለጸገው ፌልድስፓር ይከተላሉ። ኳርትዝ መጨረሻ ነው። ባዛልት ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ማዕድኖች የመጀመሪያዎቹ ተሸናፊዎች ናቸው፤ ኳርትዝ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ሲመቱት ብርቱ ነው። ለውሃ ግን ደካማ ነው።

ውሃ ብቻውን ይህን ያህል ጉልበት ከየት አመጣ ትለኝ ይሆናል። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። ሥርና ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚተነፍሱ፣ በአፈር ቀዳዳ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አየር በአሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። አምቦ ውሃ ስትጠጣ ምላስህን የሚቆነጥጠው ይኸው አሲድ ነው። ደካማ አሲድ ነው። ግን ደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ያንን በሚሊዮን ዓመት አባዛው።

አሲዱ ፌልድስፓሩ ውስጥ ገብቶ ካልሲየሙንና ሶዲየሙን ያስለቅቃል። የቀረው አጽም ወደ ሸክላ ይለወጣል። ብረቱ ደግሞ ኦክስጅን አግኝቶ ይዝጋል። ቡናማው ቅርፊት በደንብ ካሰብከው ዝገት ነው። አዲሶቹ ማዕድኖች ውሃ አዝለው ከድሮዎቹ የበለጠ ቦታ ይፈልጋሉ። ቅርፊቱ ሲያብጥ መሃሉ አያብጥም። በመካከላቸው ቀጭን ስንጥቅ ይከፈታል፣ ውሃ እንደገና በዚያ ይገባል፣ ሌላ ልጣጭ ይጀመራል። ያየኸው መላላጥ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ግንበኛው ልምጣ። «ፀሐይ የመታው» የሚለውን ትምህርት ቤትም ተምረነዋል፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል ተብለን። ነገሩን ዴቪድ ግሪግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1936 ሞክሮታል። የተወለወለ ግራናይት ወስዶ 89,400 ጊዜ አሞቀው፣ አቀዘቀዘው። ይህ የ244 ዓመት ቀንና ሌሊት ነው። በደረቁ ምንም ለውጥ አላየም። ማቀዝቀዣውን ውሃ ሲያደርገው ግን በአጭር ጊዜ ገጹ መበላሸት ጀመረ። ፀሐይ ምንም አትሠራም ማለቴ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ላይ መሣሪያ አጣብቀው የጥቃቅን ስንጥቆችን ድምፅ ያዳመጡ ተመራማሪዎች አሉ። የፀሐይ ሙቀት ድንጋይን እንደሚሰነጥቅ አይተዋል፤ እርጥበት ሲኖር ደግሞ ስንጥቁ ይፈጥናል። የአንተ ድንጋይ ግን መሬት ውስጥ ነው። የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ አይደርስም። ግንበኛህ ስለ አስፋልት ዳር ድንጋይ ቢናገር ኖሮ እከራከረው ነበር። ስለዚህኛው ግን ክርክርም የለም።

ውርጭስ? ውርጭ ከባድ ሠራተኛ ነው፤ ቦታው ሌላ ሆኖ ነው። ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስንጥቅ ውስጥ ከረጋ ድንጋዩን ይገፋዋል። ጮቄ አናት፣ ስሜን፣ ባሌ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል። እዚያ ያለው ድንጋይ ስለታም ነው፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ራስ ደጀን አካባቢ የሄደ ሰው እግሩ ያስታውሰዋል። የአንተ ክብ ድንጋይ የዚያ ተቃራኒ ነው። የዛፍ ሥርም ስንጥቅ ያሰፋል፣ አሲድም ይለቃል፤ እሱ ላይ አልቆይም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይኸው ውሃ ላሊበላ ላይ እየሠራ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት አለት የእሳተ ገሞራ ነው፤ አብዛኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ለመፈልፈል የተመቸ ባዛልታዊ አለት ነው። ለጠራቢው የተመቸው ያ ባሕርይ ለውሃም ተመችቶታል። በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ገጹ ይረግፋል። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዝናቡን እንዲከልሉ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ። ዝናቡን ከለሉ። የመጠለያዎቹ ክብደትና ንፋሱ ግን ካህናቱንም ነዋሪውንም ሲያሳስብ ኖሯል፤ ስጋታቸው ትክክል ነው እላለሁ። የአክሱም ሐውልቶች ሌላ ድንጋይ ናቸው፤ ኔፌሊን ሳየናይት የሚባል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃ እንደ ልቡ የማይገባበት። ያንንና ይህንን አንድ ዓይነት ጥገና ማድረግ አይቻልም። ስለ ቅርስ ስንነጋገር ስለ ድንጋዩ ዓይነት ሳንነጋገር መቅረታችን ያንገበግበኛል።

ወደ አፈርህ እንመለስ። ለእኔ ከጥያቄህ ሁሉ ጣፋጩ ይሄ ነው።

ላይ ተዳፋቱ ላይ የዘነበው ውሃ በአፈሩ አልፎ ይሄዳል። ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ሶዲየሙን፣ ከሲሊካውም ብዙውን አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። የማይሟሙት ብረትና አሉሚኒየም ይቀራሉ። ስለዚህ እዚያ ያለው ሸክላ በአብዛኛው ካኦሊናይት ነው። ውሃ ሲነካው ብዙም አያብጥም። የቀረው ብረት ሄማታይት ሲሆን አፈሩን ቀይ ያደርገዋል፤ ጎታይት ሲሆን ቢጫ ቡናማ። ቀዩ አፈርህ ተደጋግሞ የታጠበ አፈር ነው።

ያ ሁሉ የታጠበ ነገር የት ሄደ? የተወሰነው ወንዝ ገብቶ ዓባይ ሆኗል። የተወሰነው ግን ሜዳው ላይ ቆሟል። ሜዳው ላይ ውሃው መውጫ ስለሌለው ሲሊካውና ማግኒዚየሙ ይጠራቀማሉ። እዚያ የሚሠራው ሸክላ ስሜክታይት ነው። ይህ ሸክላ በንብርብሮቹ መካከል ውሃ ያስገባል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ዋልካ ማለት ይኸው ነው። ጥቁረቱን ብዙ ሰው የብስባሽ ብዛት ይመስለዋል። ዋልካ ብስባሹ ብዙ አይደለም፤ ያለችው ጥቂቷ ከሸክላው ጋር ጥብቅ ብላ ስለተያያዘች ነው ያጠቆረችው።

በበጋ ወደ ሜዳው ውረድና ስንጥቁ ውስጥ እይ። ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር ያልፋል፤ አንዳንዱ አንድ ሜትር ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የተወለወለ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ገጽ ታገኛለህ። አፈሩ ሲያብጥ እርስ በርሱ ተፋትጎ ነው። ከአፈሩ ውስጥ ደግሞ ነጭ ጠጠር ልቀም። ኮምጣጤ ጠብ ብታደርግበት አረፋ ይወጣዋል። ኖራ ነው። ያ ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንድ ጊዜ የጥቁር ድንጋይ ፌልድስፓር ውስጥ ነበር። ላይ ተፈትቶ ታች የተያዘ ነው።

የዚህ ነገር ውጤት የገበሬው እጅ ላይ ነው ያለው። ቀዩ አፈር ካልሲየሙ ስለታጠበ አሲዳማ ሆኗል። በምሥራቅ ጎጃም ስንዴና ገብስ የሚዘሩ ብዙዎች ይህንን ያውቁታል፤ ደጀን አካባቢ የተፈጨ ኖራ እየገዙ ማሳ ላይ ይበትናሉ። ዝናቡ በሺህ ዓመት የወሰደውን በኩንታል መመለስ ነው። ዋልካው ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ውሃ ይተኛበታል። የሰሜን ሸዋው እነዋሪ ገበሬ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመካከሉ ውሃውን ያስወጣል። ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አላት፤ 7.6 ሚሊዮኑ ደጋ ላይ ነው። ትንሽ ነገር አይደለም።

አባትህ «ድንጋይ ያበቅላል» ያሉት ከንቱ ወሬ አይደለም። የሚያዩትን ነው የተናገሩት። በየዓመቱ ቢለቀምም በየዓመቱ ድንጋይ ይወጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎርፉ ደቃቁን አፈር ይወስዳል፤ ድንጋዩን መውሰድ ስለማይችል ይተወዋል። ድንጋዩ አልወጣም፤ መሬቱ ነው የወረደው። ሁለተኛ፣ ዋልካ ላይ ሲሆን ማበጡና መኮማተሩ ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከስሩ አፈር እየገባ መልሶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። አደራ ግን፣ ድንጋዩን በሙሉ ለቅማችሁ አትጨርሱት። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም የሚታጠበው አፈር እንደሚጨምር አሳይቷል። እዚያ ያሉ ገበሬዎችም ይህን ስለሚያውቁ ትንንሹን ይተዉታል። ከድንጋይ አፈር እስኪሆን የሚወስደውን ዘመን አስብ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊወስድ ይችላል። አንድ ክረምት ያለ እርከን ቢያልፍ የሚሄደውን አንተም ታውቀዋለህ።

አሁን ቤቱ።

መሐንዲሶች የአለትን መበስበስ በስድስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ካልተነካው አንስቶ ሙሉ በሙሉ አፈር እስከሆነው። የአንተ ጉድጓድ ውስጥ ምናልባት አራቱ ወይም አምስቱ ደረጃ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ኮለን ክብ ድንጋይ ላይ ቢያርፍ፣ ቀጣዩ ደግሞ ፍርፋሪው ላይ፣ አንዱ አይነቃነቅም፣ አንዱ ይሰምጣል። ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቤት የሚያበላሸው መስመጡ ብቻ አይደለም፤ እኩል አለመስመጡ ነው።

ስለዚህ ጠንካራ ድንጋይ ስታገኝ «አለት ደረስን» ብለህ አትቁም። በጎኑ ዝለቅና ከስሩ ምን እንዳለ እይ። ዶማ ከስሩ ከገባ ድንጋዩ ተንሳፋፊ ነው፤ ይውጣ። በመዶሻ ምታው። ጤነኛው ይጮሃል፣ መዶሻውን ይመልሰዋል። የበሰበሰው ድብ ብሎ ዝም ይላል። ቢጫማውን ፍርፋሪ ደግሞ ቁራጩን ሳይሰበር አውጣና ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ቅርጹን ይዞ ካገኘኸው ደህና ነው። ፈርሶ ጭቃ ከሆነ የሚያብጥ ሸክላ ሊኖርበት ይችላልና ሳታስወጣው አትሥራበት። ይህ ሙከራ የጂኦቴክኒክ ምርመራን አይተካም። ከምድር ቤት በላይ ፎቅ ካሰብክ ባለሙያ ይቆፍርልህ፣ ገንዘቡ አያስቆጭህ።

ሁሉም መሠረት አንድ ዓይነት ነገር ላይ ይረፍ። ወይ ሁሉንም ጠንካራው ላይ አውርዳቸው፣ ወይ ክቦቹን አውጥተህ እኩል አድርግና በንብርብር በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ሙላ። ያወጣኸውን ዋልካ መልሰህ እንዳትሞላበት። ክብ ድንጋዩን አትጣለው፤ ቡናማ ቅርፊቱን አራግፈህ ጥቁሩን ለመሠረት ግንብ ተጠቀምበት። ከካባ ከምትገዛው አያንስም።

የቀረው ውሃውን ማራቅ ነው። ከላይ ከተዳፋቱ የሚመጣውን ጎርፍ ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፍረህ አዙረው። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ስር አይፍሰስ፤ በአሸንዳ ይሂድ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከቤቱ በታች በኩል፣ ራቅ ብሎ ይሁን። ባሕር ዛፍም ግድግዳው ስር አትትከል፤ ሥሩ በበጋ አፈሩን አድርቆ ያኮማትርብሃል። ይህንን ሁሉ ከክረምቱ በፊት ጨርስ፤ ክፍት መሠረት ውስጥ ውሃ ከከረመ ፍርፋሪው ስለሚላላ እንደገና መቆፈር ሊኖርብህ ነው።